ለተቆረጠ ነርቭ ቀን ይቆጠርለት

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጤና ቢሮ፣ ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት



በገጀራ የተመታ ክንድ በሸርቆሌም ሆነ በአሶሳ ሲሰፋ ደሙ ይቆማል፣ ቆዳው ይገጥማል፣ ቁስሉም በሁለት ሳምንት ይደርቃል። ከቆዳው ሥር ነርቭ ተቆርጦ ከሆነ ግን ሕክምናው ገና አልተጀመረም። ባለጉዳዩ ቁስሉ ስለደረቀ ብቻ ዳንኩ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጣቶቹ አልታዘዝ ሲሉት ይታሻል፣ በጠበል ወይም በዱዓ ይለምናል፣ ነገ ይሻለኛል እያለ ይጠብቃል። ይህ መጠባበቅ ነው የሚጎዳው። ይህ ደብዳቤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በዚህ የአገራችን ምዕራባዊ ጫፍ ነርቩ የተጎዳ ሰው ከተጎዳበት ዕለት ጀምሮ ቀን ይቆጠርለት። ጉዳቱ በመጀመሪያው ምርመራ ይለይ፣ በወረቀት ይጻፍ፣ ታካሚውም ጊዜው ሳያልፍ ነርቭ መጠገን የሚችል ባለሙያ ዘንድ ይድረስ። በሌላው ዓለም ከሟች ለጋሽ ተወስዶ ስለሚዘጋጀው የነርቭ ቅጥያም አነሳለሁ። ስለዚህ ግኝት የሚሰማ ሁሉ «ይህ ነገር ወደ እኛ መቼ ይመጣል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የግኝቱ ታሪክ በጥሞና ሲታይ ግን ከግዢው በፊት ልናሟላው የሚገባ ሌላ ነገር እንዳለ ያሳያል።

የነርቭ ጠባይ ከአጥንትም ከቆዳም ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1850 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው) እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዎለር በእንቁራሪት ምላስ ላይ ባደረገው ምርምር፣ ነርቭ ሲቆረጥ ከተቆረጠበት ቦታ በታች ያለው ክር በሙሉ ፈራርሶ እንደሚጠፋ አሳይቷል። የላይኛው ጫፍ ግን አይሞትም። የሕዋሱ እምብርት በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ወይም አጠገቡ ስለሆነ ከዚያ እየተመገበ አዲስ ክር ያበቅላል። ይህ አዲስ ክር በሰው ላይ በቀን በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። ነርቩ ከእጅ አንጓ ላይ የተቆረጠ ከሆነ መዳፍ ውስጥ ወዳሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ለመድረስ ጥቂት ወራት ይበቁታል። ከብብት አጠገብ ከተቆረጠ ግን መንገዱ ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም 500 ቀን ማለት ነው። በሌላ በኩል ነርቭ ያጣ ጡንቻ ሁልጊዜ አይጠብቅም። ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ እየሟሸሸ ወደ ስብና ጠባሳ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ነርቩ ቢደርስለትም አይንቀሳቀስም። ታካሚው በስድስተኛው ወር ሐኪም ዘንድ ከቀረበ የባከኑት ስድስት ወራት ከዚህ ሒሳብ ላይ ተቀናሽ ናቸው። የትኛውም ቅጥያ፣ የትኛውም መድኃኒት፣ የትኛውም ማይክሮስኮፕ አይመልሳቸውም።

ሁለተኛው ችግር ክፍተት ነው። የተቆረጠ ነርቭ ሁለቱ ጫፎች ወደየራሳቸው ይሸሻሉ፤ ሳምንታት ሲያልፉም ጫፎቹ ጠባሳ ያወጣሉ። ያ ጠባሳ ተቆርጦ ሲጣል ክፍተቱ ይሰፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫፍ ለጫፍ ተገጥሞ በቀጭን ክር ሊሰፋ ይችል የነበረው ነርቭ ከሁለት ወር በኋላ ድልድይ ካልተሠራለት አይገናኝም። ጎትቶ ማገናኘት እንደማያዋጣ የቪየናው ሐኪም ሃኖ ሚሌሲ በ1970ዎቹ አሳይቷል፤ የተወጠረ ነርቭ ደሙ ይጓደልበትና ስፌቱ ጠባሳ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የታወቀው መፍትሔ ከታካሚው ከራሱ አካል ነርቭ ወስዶ ክፍተቱን መሙላት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ሱራል የሚባለው፣ በባት ጀርባ ወርዶ የእግርን የውጭ ጠርዝ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ነው። ከአንድ እግር ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይገኛል። ዋጋው በእግር ጠርዝ ላይ የሚቀር ድንዛዜ፣ ተጨማሪ ቁስልና አልፎ አልፎ የሚያስቸግር ሕመም ነው። ከዚህ ሌላ የሚጠይቀው ማጉያ መነጽር፣ ከፀጉር የቀጠነ ናይለን ክርና የሠለጠነ እጅ ነው።

የለጋሽ ነርቭ ሐሳብ የመጣው ይህን ሁለተኛ ቁስል ለማስቀረት ነው፤ መንገዱም ረጅም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን በኦክስፎርድ ያክም የነበረው ሄርበርት ሰደን ከሌላ ሰው በተወሰደ ነርቭ የተሠራውን ቅጥያ ቆይቶ ሲመረምር ሞቶ ጠባሳ ሆኖ አገኘው፤ ይህንኑም በ1944 ከባልደረባው ጋር አሳተመ። የታካሚው ሰውነት ባዕድ ሕዋስ ባየ ጊዜ ይዋጋልና። ካናዳዊቷ ሐኪም ሱዛን ማኪነን በ1988 በቶሮንቶ ከሟች ለጋሽ የተወሰደ ነርቭ የሰውነት መከላከያን ከሚያዳክም መድኃኒት ጋር ተከለች። በ2001 ባሳተመችው ዘገባ ከሰባት ታካሚዎች በስድስቱ ላይ ስሜትና እንቅስቃሴ ሲመለስ በአንዱ ላይ ሰውነት ቅጥያውን አልቀበልም አለ። ውጤቱ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን የታካሚው የራሱ ነርቭ ቅጥያውን አልፎ እስኪሄድ ድረስ መከላከያውን ማዳከም ማለት ለአንድ እጅ ሲባል መላ ሰውነትን ለበሽታ ማጋለጥ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ለወጡት፦ ሰውነት የሚዋጋው ሕዋሱን ከሆነ ሕዋሱን አውጥተን ቅርፊቱን ብንተክለውስ? ዛሬ ያለው ዘዴ ከዚህ የተገኘ ነው። ከተመረመረ ለጋሽ የተወሰደው ነርቭ በአጣቢ ኬሚካል ይታጠባል፣ ሕዋሱና ቅባቱ ይወጣል፣ የክር ዕድገትን የሚገታው ንጥረ ነገር በኢንዛይም ይወገዳል፣ በጋማ ጨረር ከጀርም ይጸዳል፣ በብርቱ ቅዝቃዜም ይቀመጣል። የሚቀረው ደለሉ ተጠርጎ ግድግዳው እንደ ቆመ የመስኖ ቦይ ያለ ነገር ነው፤ የታካሚው የራሱ የነርቭ ክር በቦዮቹ ውስጥ ይገባና ይሄዳል። የሚዋጋው ባዕድ ሕዋስ ስለሌለም መከላከያን ማዳከም አያስፈልግም።

አሜሪካዊው አክሶጅን ኩባንያ አቫንስ ብሎ የሰየመው ይህ ዓይነቱ ቅጥያ ከ2007 ጀምሮ በአሜሪካ ሆስፒታሎች በጥቅም ላይ ነው። በ2012 የታተመው፣ በርካታ ሆስፒታሎችን ያካተተ ጥናት ከ5 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ባሉ ክፍተቶች ላይ 87 በመቶ ከሚሆኑት ጥገናዎች ጠቃሚ መሻሻል መገኘቱን ዘግቧል። ጥናቱ በአምራቹ ድጋፍ የተካሄደ መሆኑን ግን አንባቢ ሊያውቀው ይገባል። ክፍተቱ በረዘመና ነርቩ በወፈረ መጠን የቅጥያው አቅም ይቀንሳል። ክር እንዲያድግ የሚያግዙት ሽዋን የሚባሉት ሕዋሳት በእጥበቱ ስለወጡ ከሁለቱ ጫፎች ተነስተው ቅጥያውን እንደገና መሙላት አለባቸው፤ ረጅም መንገድ ላይ ይደክማሉ። የታካሚው የራሱ ነርቭ ግን ሕዋሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ የተዘጋጀው የለጋሽ ነርቭ ትክክለኛ ቦታ ይታወቃል፦ ለአጭርና ለመካከለኛ ክፍተት፣ በተለይም ለስሜት ነርቮች፣ ከእግር ነርቭ መውሰድን የሚያስቀር መልካም አማራጭ ነው። ዋጋው ግን ለአንዲት አጭር ቁራጭ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የሚቀመጥበትም ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ወይም ከዚያ የባሰ መሆን አለበት። ደግሞም ሳይዘገዩ ለሚደርሱ ሰዎች የተሠራ ነው። ነርቩ ከብብት አጠገብ ተቆርጦ በስምንተኛው ወር ከሸርቆሌ ለሚደርስ ሰው ቅጥያው በነጻ ቢሰጥ እንኳ የመዳፉን ጡንቻ አያድንም።

አሁን ወደ ክልላችን ልመለስ። በአሶሳ ዞን፣ በሸርቆሌ፣ በመንጌና በኩርሙክ፣ ባህላዊ የወርቅ ቁፋሮ የብዙ ሰው መተዳደሪያ ነው። ጉድጓድ ሲደረመስ ትከሻና አንገት ይመታል፣ ወደ ክንድ የሚወርደው የነርቭ ጥልፍልፍም አብሮ ይበጠሳል። ያለፉት ዓመታት የመተከልና የካማሺ ግጭቶች የጥይት፣ የቀስትና የገጀራ ጉዳት አስከትለዋል። ከድንበሩ ማዶ ሱዳን በ2011 በብሉ ናይል፣ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ በተቀጣጠለው ጦርነት የቆሰሉ ሰዎች በኩርሙክ በኩል ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው የሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ ከእነዚህ ብዙዎቹን ተቀብሏል። በዚህ ላይ የስብራት ጉዳይ አለ። ቆላማው ሽመል በገፍ በሚበቅልበት በዚህ ምድር ወጌሻ ሽመል ሰንጥቆ አጥንት ያስራል፤ የብዙ ሰው አጥንትም በዚህ መንገድ ገጥሟል። እስሩ ሲጠብቅና ክንዱ ሲያብጥ ግን ደም ወደ ጡንቻና ወደ ነርቭ መሄዱን ያቆማል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚደርሰው ጉዳት ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። ወጌሻን በማውገዝ ይህን ማስቀረት አይቻልም። «ጣቱ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ሲዘረጉት ታካሚው ከጮኸ ወዲያውኑ ፍታና ወደ ጤና ጣቢያ ላክ» የሚለውን ብቻ ከወጌሾቹ ጋር መስማማት ይበቃል። በቂጥ ላይ ያለቦታው በሚወጋ መርፌ የሚጎዳው የልጆች እግር ነርቭም አለ፤ መርፌውን ወደ ጭን ማዞር ያስቀረዋል።

ርቀቱ ሌላው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከአሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በወለጋ በኩል ያለው መንገድም በጸጥታ ችግር የሚስተጓጎልበት ጊዜ አለ። ነርቭ የሚጠግኑ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚገኙት በጥቁር አንበሳ፣ በየካቲት 12፣ በአለርት፣ በአቤትና በመሳሰሉት የመዲናዋ ሆስፒታሎች ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ ያልወደቀ ሰው ይህን መንገድ የሚጀምረው ተስፋ ሲቆርጥ ነው፤ ተስፋ የሚቆርጠውም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉድለት መዲናዋ ላይ ያለ የቅጥያ እጥረት ሳይሆን ጉዳቱ በደረሰበት ሳምንት ሸርቆሌ ላይ «ነርቩ ተቆርጧል» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለመኖሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፦ የጤና ጣቢያ ነርስ ወይም ጤና መኮንን የነርቭ ጉዳት እንዴት ሊለይ ይችላል፣ ያለ መሣሪያና ያለ ስፔሻሊስት? መልሱ ከራሳችን የሕክምና ታሪክ ውስጥ አለ፤ በቂ ትኩረት አልሰጠነውም እንጂ። የሥጋ ደዌ ነርቭ የሚያጠፋ በሽታ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አለርትና በ1970 የተከተለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አገራችንን በዚህ ዕውቀት በአፍሪካ ግንባር ቀደም አድርገዋታል። የሥጋ ደዌ ፕሮግራሙ ለአሥርት ዓመታት ተራ የገጠር ጤና ባለሙያዎችን ያስተማረው ምን ነበር? የታካሚውን ዓይን አስጨፍኖ መዳፉንና የውስጥ እግሩን በተወሰኑ ነጥቦች ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ በስሱ መንካትና «የት ነካሁህ?» ብሎ መጠየቅ፤ ትንሿን ጣት ወደ ውጭ፣ አውራ ጣትን ወደ ላይ፣ እግርን ወደ ላይ እንዲያነሳ አድርጎ ኃይሉን መፈተን፤ ያገኘውን በካርድ ላይ መሳልና በሚቀጥለው ወር ከዚያው ጋር ማወዳደር። እስክሪብቶ የሌለው ጤና ጣቢያ የለም። ፈረንሳዊው ጁል ቲነል በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ላይ የገለጸው ምርመራም በጣት ነርቩን መታ መታ ከማድረግ በላይ አይጠይቅም፦ መንዘሩ የሚሰማበት ቦታ ከወር ወደ ወር ወደ ታች ከወረደ ነርቩ እያደገ ነው፤ ባለበት ከቆመ ታግዷል። ይህን ሁሉ ለሥጋ ደዌ አስተምረን በገጀራ ለተቆረጠ እጅ አለማስተማራችን ምክንያት የሌለው ነገር ነው።

መለየቱ ለምን እንደሚጠቅም ላብራራ። ሁሉም የነርቭ ጉዳት ቀዶ ሕክምና አይፈልግም። የላይኛው ክንድ አጥንት ሲሰበር ራዲያል የሚባለው ነርቭ የሚጎዳባቸው፣ እጃቸው ከአንጓው የሚንጠለጠልባቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ በራሳቸው ይድናሉ። ጥይት ያለፈባቸው ነርቮችም ብዙዎቹ አልተበጠሱም፤ ደንግጠው ነው። እነዚህን ቸኩሎ መክፈት ጉዳት ነው። በስለት የተቆረጠ ነርቭ ግን በራሱ አይገጥምም፤ እሱን መጠበቅ ጉዳት ነው። ልዩነቱን የሚያወጣው የተመዘገበ ቀንና ተደጋጋሚ ምርመራ ብቻ ነው፦ የስለት ጉዳት በቀናት፣ ቢዘገይ በሦስት ሳምንት ውስጥ፤ የተዘጋው ጉዳትና የጥይቱ በሦስተኛው ሳምንት፣ በስድስተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር እየታየ፣ በሦስተኛው ወር ምልክት ካልሰጠ ወደ ቀዶ ሕክምና። በሪፈራል ወረቀት ላይ «ጉዳቱ የደረሰበት ቀን»፣ «የደነዘዘ ቦታ» እና «የማይንቀሳቀስ ጡንቻ» የሚሉ ሦስት መስመሮች ቢጨመሩ የዚህ ሁሉ ግማሽ ይሠራል።

ቀሪው ግማሽ የአሶሳ ጠቅላላ ሆስፒታል ድርሻ ነው። አገራችን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን እያሠለጠነች ነው፤ በየክልሉ እናቶችን በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዱትና የተቀደደ አንጀት የሚሰፉት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። በ2016 የተጀመረው ሕይወትን በአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና የመታደግ መርሐ ግብርም መንገድ ከፍቷል። እነዚህ ባለሙያዎች የእጅ አንጓ ቁስል ሲከፍቱ የነርቩን ሁለት ጫፎች ፈልገው፣ መገናኘት ከቻሉ በማጉያ መነጽር እንዲሰፉ፣ ካልቻሉም ሁለቱን ጫፎች በማይሟሟ ባለቀለም ክር ምልክት አድርገው በአቅራቢያቸው አስተኝተው ቆዳውን እንዲዘጉና በመዝገቡ ላይ እንዲጽፉ ሊሠለጥኑ ይችላሉ። ምልክት የተደረገበት ጫፍ በኋላ ለሚመጣው ሐኪም ረጅም ፍለጋና ብዙ የተቆረጠ ጤነኛ ነርቭ ያስቀርለታል። ድልድይ ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ ከአዲስ አበባ በዓመት አራት ጊዜ፣ ማለትም በየሦስት ወሩ፣ ወደ አሶሳ የሚመጣ የነርቭ ጥገና ቡድን ይመደብ። በየሦስት ወሩ ያልሁት በዘፈቀደ አይደለም፤ ማንም ታካሚ ከሦስት ወር በላይ እንዳይጠብቅ የሚያደርገው ርዝመት ይኸው ስለሆነ ነው። ቡድኑ የሚጠቀመው ቅጥያ የታካሚው የራሱ የባት ነርቭ ይሆናል፤ የሚያመጣው ዕቃ በአንድ ሻንጣ ይያዛል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያስፈልገው ፊዚዮቴራፒ ግን እዚያው አሶሳና ሸርቆሌ መኖር አለበት፤ መገጣጠሚያው ከደረቀ ነርቩ ቢመለስም እጁ አይታጠፍም።

«እናቶች በወሊድ፣ ሕፃናት በወባ በሚሞቱበት ክልል ስለ ነርቭ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ይህን ተቃውሞ ከሁሉ በላይ አከብረዋለሁ፤ በቁም ነገር የሚነሳ ነውና። ነገር ግን የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም፣ ከወባ በጀት የሚቀነስ ገንዘብም አይደለም። በእጃችን ያለው ባለሙያ፣ በእጃችን ያለው የቀዶ ሕክምና ክፍልና በእጃችን ያለው ወረቀት በትክክለኛው ቀን እንዲሠሩ ነው። ከዚህም ሌላ የሚጎዱት እነማን እንደሆኑ ማየት ይገባል። ቆፋሪው፣ አራሹ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ቤተሰብ በጉልበቱ የሚያሳድረው ወጣት ናቸው። የደነዘዘ እጅ ያለው ሰው ድስት ሲያወርድ ይቃጠላል፣ መዶሻ ሲይዝ ይቆስላል፣ ቁስሉን ስለማይሰማውም ይመረቅዛል። የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ጣታቸውን የሚያጡት በሽታው በልቶት ሳይሆን በዚህ መንገድ መሆኑን የአለርት ሐኪሞች ከማንም በላይ ያውቁታል። በጊዜው ያልተጠገነ ነርቭ ለዓመታት የሚመላለስ ታካሚ ሆኖ ወደዚያው ሆስፒታል ይመለሳል።

ሌላው ተቃውሞ ከሐኪሞች የሚመጣ ነው፦ የነርቭ ጥገና ውጤቱ እርግጠኛ አይደለም፤ ለምን በቀጥታ የጅማት ዝውውር አንሠራም? ጤነኛ ጡንቻን ከነጅማቱ አዙሮ የሰለለውን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ በአለርት ሲሠራበት የኖረ፣ ፈጥኖ ውጤት የሚሰጥ ዘዴ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ላለፈው ታካሚ ትክክለኛው መልስም እሱ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነርቭህን እንቀጥላለን ብሎ ተስፋ መስጠት ነውር ነው። ሆኖም የዞረ ጅማት ስሜት አይመልስም፤ የሚዞር ጤነኛ ጡንቻ ለሌለውም አይሆንም። ከትከሻ አጠገብ ለሚደርሰው ጉዳትም ቢሆን ሌላ መንገድ ተገኝቷል፦ ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ኦበርሊን በ1994 ወደ እጅ ከሚወርደው ጤነኛ ነርቭ ጥቂት ክሮችን ለይቶ ክርን ወደሚያጥፈው ጡንቻ በማዞር ነርቩ የሚያድግበትን ረጅም መንገድ ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አሳጠረው። ይህ ዘዴ ከለጋሽ የሚመጣ ቅጥያ አይፈልግም። እሱም ግን ታካሚው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ካልደረሰ ጥቅሙ ይመነምናል።

ስለ ስደተኞች የሚነሳውን በአጭሩ ላንሳ። የስደተኞች ሪፈራል በጀት የተወሰነ ስለሆነ ሕይወት አድን ሕክምና ቅድሚያ ያገኛል፤ ነርቭም ከወረፋው መጨረሻ ይቆማል። ይሁንና በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛው በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ፈቅዷል። ቡድኑ ወደ አሶሳ ከመጣ የሸርቆሌ ስደተኛና የሸርቆሌ ገበሬ በአንድ ወረፋ ይታያሉ፤ ወደ አዲስ አበባ ለመጓጓዝና ለማደሪያ የሚወጣው ገንዘብም ይቀራል። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ወጪውን ቢጋሩት ለሁለቱም ይቀላል።

በመጨረሻ ስለ ለጋሽ ነርቭ። ከላይ ያልሁት ሁሉ ይህን ተስፋ ለመዝጋት አይደለም፤ መሠረቱ አሁን ካልተጣለ ግን በሃያ ዓመትም አይደርሰንም። አገራችን ከሟች የሚለገስ ሕብረ ሕዋስ ለሕክምና ማዋል አዲሷ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ የዓይን ብሌን እየሰበሰበ ለብዙዎች ብርሃን መልሷል፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስም ዓይናቸውን ለመለገስ ቃል ገብተው ሌላውን አበረታትተዋል። በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከሕያው ዘመድ የሚለገስበትን ሥርዓት አስለምዷል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅም የአካልና የሕብረ ሕዋስ ልገሳን ጉዳይ ይዟል። ዝርዝር መመሪያ ሲወጣ ከዓይን ብሌንና ከኩላሊት ጎን ነርቭ፣ ቆዳ፣ አጥንትና ጅማት በስም ይጠቀሱ። ቆዳ ለተቃጠለ፣ አጥንት ለተሰባበረ የሚሆን ስለሆነ ባንኩ ለነርቭ ብቻ ተብሎ የሚቋቋም አይሆንም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እንዲህ ዓይነት ሕብረ ሕዋስ ከውጭ ሲገባ ወይም እዚህ ሲዘጋጅ በምን መስፈርት እንደሚመዘን ከወዲሁ ይወስን። የሃይማኖት ጉዳይ ከተነሳ በሸርቆሌና በአሶሳ አብላጫው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ ጉባኤ በ1988 በጅዳ ባሳለፈው ውሳኔ ንቅለ ተከላን ፈቃድ፣ ክብርና ያለመሸጥ በሚሉ ሁኔታዎች ፈቅዷል። ስለዚህ በክልሉ ከሸሆችና ከካህናት ጋር የሚደረገው ውይይት «ይቻላል ወይስ አይቻልም» ከሚለው አልፎ «በማን ፈቃድና በምን ሥርዓት» ወደሚለው ሊገባ ይችላል። ይህ ውይይት ዓመታት ስለሚወስድ በዚህ ዓመት ቢጀመር ይሻላል፤ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ሊያስተናግደው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል። የክልሉ ጤና ቢሮ በአሶሳና በፓዊ ጠቅላላ ሆስፒታሎች መዝገብ ላይ ባለፈው አንድ ዓመት በስለት፣ በጥይትና በስብራት የታከሙትን ሰዎች ካርድ አውጥቶ ሦስት ነገር ይመርምር፦ ከእነሱ ውስጥ ነርቩ የተፈተነ ስንት ነው? ጉዳት ከተገኘበት ውስጥ ወደ ከፍተኛ ሕክምና የተላከው ስንት ነው? በተጎዳ በስንተኛው ቀን? የሸርቆሌ መጠለያ ጤና ጣቢያ ካርዶችም በዚሁ ይታዩ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ለሕዝብ ይገለጽ። መፈተን ያልተጻፈበት ካርድ ከተገኘም የካርዱ ባለቤት ተፈልጎ ይጠራ፤ ጉዳቱ ከደረሰበት ዓመት ከመንፈቅ ካልሞላው ገና ሊታከም ይችላልና።